የግማሽ ሚሊዮን ኮከብ ኑዛዜ

የዚህ የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ከጎንደር ጋር ስሙ የተያያዘ የአንድ ሰው ሕይወት ጻፊልን ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ጄምስ ብሩስን እንደምትጠብቁ አላጣሁትም። ብሩስ ጎንደር ላይ የፈንጣጣ ሕመምተኞችን ተንከባክቧል፣ በቴሌስኮፕም ሰማይ ለክቷል፤ ለሐኪም ጸሐፊ እንደ እሱ የሚመች የለም። ግን ስለ ብሩስ ብዙ ተብሏል። እኔ ከእሱ ሰባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣውን አንቷን ዳባዲን መርጫለሁ። የቋንቋና የታሪክ ሰዎቻችን በአማርኛ መዝገበ ቃላቱና በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ያውቁታል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኑዛዜው። ሰውየው ቤቱንና መሬቱን ያወረሰው ግማሽ ሚሊዮን ኮከብ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ተለክቶ እንዲመዘገብ ነው። ልጅ አልነበረውም። ውጤቱን እንደማያየውም ያውቃል። ታዲያ ምን አስቦ ነው?

ዳባዲ የተወለደው በጃንዋሪ 3 ቀን 1810 ደብሊን፣ አየርላንድ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ከሚኖሩት ከባስኮች ወገን፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናቸው። ገና በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በቤቱ የተለያየ ቋንቋ እየሰማ ያደገ ልጅ በኋላ የቋንቋ ሰው ቢሆን አያስገርምም። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲለካ ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ እንደተመለሰ ከአምስት ዓመት ታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ጉዞውን ወደ ኢትዮጵያ አደረገ።

በ1838 መጀመሪያ ላይ ምጽዋ ደረሱ፣ በዚያው ዓመት ጎንደር ገቡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሥ በስም ግንብ ውስጥ አለ፤ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር በራስ ዓሊ እጅ ነው። የጎንደር ግንቦች ማርጀት ጀምረዋል። ከተማዋ ግን አሁንም የትምህርት ከተማ ናት፤ ቅኔ፣ ዜማ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚፈልግ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ወንድማማቾቹን በቤታቸው የተቀበሏቸው ሊቅ አጽቁ የሚባሉ ሽማግሌ ዳኛ ነበሩ። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ዳባዲ ጎንደርን ያወቀው ከግንቡ ደጃፍ ቆሞ አይደለም፤ ከአንድ ሊቅ እልፍኝ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እንደ አገሩ ሰው ለበሰ፣ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተቀምጦ ጠየቀ፣ ጻፈ።

ብዙ ሳይቆይ ግን የተሻሉ የመለኪያ መሣሪያዎች ሊያመጣ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። አርኖ ቀረ፤ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ዘመተ፣ ወታደሮቹም ራስ ሚካኤል አሉት። የአርኖ ታሪክ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እተወዋለሁ። አንቷን በ1840 መሣሪያውን ጭኖ ተመለሰ፤ ጠና ያለ የዓይን ሕመም አግኝቶት ሥራው ተስተጓጎለ፤ ከዚያ ግን ቀጠለ። በዓይኑ የሚተዳደር ሰው ዓይኑን ሲታመም ምን እንደሚሰማው የዓይን ክፍል ባልደረቦቼ ያውቁታል።

ሥራው ምን ነበር? ካርታ። ያኔ የሰሜን ኢትዮጵያ ካርታ የመንገደኞች ወሬ የተገጣጠመበት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ዳባዲ አምባ ላይ ይወጣል፣ ቴዎዶላይቱን ይተክላል፣ በዙሪያው የሚታየውን ተራራ ሁሉ አንድ በአንድ አቅጣጫውን ይለካል፣ ስሙን ከአገሩ ሰው ይጠይቃል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አምባ ይሄድና እነዚያኑ ተራሮች ከሌላ ወገን ይለካል። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ቦታ ተራራው ያለበት ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የወረዳችሁ ሁሉ ይህ ዘዴ ለምን እንደሚመች አይጠፋችሁም፤ ጥርት ባለ ቀን ያ ሁሉ አምባ እንደ ተዘረጋ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ በ1848፣ ወንድማማቾቹ ሰሜን ተራሮች ላይ ወጥተው ለክተዋል። ልኬቱ በሙሉ ተሰልቶ የታተመው ግን ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ ነው። ተራራው ላይ የፈጀውን ያህል ዕድሜ፣ ከዚያም በላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ፈጅቷል።

ይህ ሁሉ ግን ተራሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ቦታ ነው የሚነግረው። ጎንደር በምድር ላይ የት ናት ለማለት ሰማይ ማየት ግድ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለው ቀላል ነው፤ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃል፣ ጎንደር 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ሰሜን ላይ ናት። የምሥራቅና የምዕራቡ ነው መከራው። ለዚያ የሌላ አገር ሰዓት ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ ሬዲዮ የለም። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ጨረቃ ነች። ጨረቃ በከዋክብት መካከል ስትሄድ አንዱን ኮከብ ድንገት ትጋርደዋለች፤ ያቺ ቅጽበት እንደ ሰዓት ታገለግላለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ጨረቃ በአንድ ሰከንድ የምትሄደው ከዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ የኮከቡ ቦታ በመዝገብ ላይ በአንዲት ቅንጣት፣ ማለትም በዲግሪ 3,600ኛ ክፍል፣ ተሳስቶ ከተጻፈ ጎንደር በካርታው ላይ ከ800 ሜትር በላይ ትንሸራተታለች። ከፋሲል ግንብ ደጅ ተነሥታችሁ 800 ሜትር ብትሄዱ የት እንደምትደርሱ አስቡት። የኮከብ መዝገብ ስሕተት የአገር ካርታ ስሕተት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የኑዛዜው ዘር የተዘራው እዚህ ተራሮች ላይ ነው፤ መዝገብ ይዞ ሰማይ ሥር የቆመ ሰው የመዝገብን ዋጋ ያውቃል።

በጎን የሠራው ሌላው ሥራ በእኛ ዘንድ ይበልጥ ይታወቃል። 234 የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ዝርዝራቸውን በ1859 አሳተመ፤ ዛሬ መጻሕፍቱ ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአማርኛና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ወጣ፣ ከኢትዮጵያ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። ስለ ብራናዎቹ ሁለት ልብ ነኝ። በእሳትና በጦርነት ይጠፉ የነበሩ ተርፈዋል ብዬ አመሰግናለሁ፤ የጎንደር ልጅ የአያቶቹን መጽሐፍ ለማንበብ ቪዛ መጠየቁ ደግሞ ያንገበግበኛል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ጨዋ የሕይወት ታሪክ የሰውየውን ግትርነትም ይናገራል። ዳባዲ በ1843 እስከ ከፋ ድረስ ዘልቋል፤ ያኔ ለአውሮፓዊ የማይታሰብ ነበር። በዚያ ጉዞ የግቤንና የኦሞን ውኃ አይቶ የነጭ ዓባይ ምንጭ ይህ ነው አለ። በ1846 ከወንድሙ ጋር ተመልሶ ሄዶ እናርያ ላይ ምንጩን አገኘሁ ብሎ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። አይደለም እኮ። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚፈስ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ከፋ መድረሱን ራሱን እስከ መካድ ደረሰ፤ ዳባዲም በዓባይ ነገር ንቅንቅ አላለም። ተራራን በዲግሪ ክፍልፋይ የለካ ሰው ወንዝን በምኞት ለካ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ተራራውን ከሁለት ወገን አይቶታል፣ ወንዙን ግን ከራሱ እንጂ ከመጨረሻው አላየውም።

ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በ1859 አገባ። ከ1864 ጀምሮ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ኦንዳይ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ አባዲያ የሚባለውን ግንብ አሠራ። በውጭ የአዞና የዝሆን ቅርጽ አለበት። በውስጥ ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ ፊደላችንም በየቦታው አለ። የምግብ ቤቱ ወንበሮች እያንዳንዳቸው የአማርኛ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ በተራ ሲቀመጡ እዚህ ማዕድ ላይ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚመኝ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። የዘመነ መሳፍንት ጎንደር ትምህርት ነው መሰለኝ።

ግንቡ ውስጥ የኮከብ መመልከቻም ነበር። ከትልልቆቹ ሙከራዎች አንዱ ከሸፈበት፤ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለመለካት በግንቡ ግድግዳዎች ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ አስበስቶ የሩቅ ተራራ ጫፍ ሊያይ ሞከረ፣ አልታየውም። ቀዳዳውን አልደፈነም፤ ምንም እንዳላየና እንዳልተማረ በባስክኛ አስጽፎበት ተወው። በዓባይ ነገር ያጣነውን ትሕትና እዚህ አገኘነው። ዋናው መሣሪያ ግን ሠራ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ባለው መስመር ላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፕ ነው፤ ኮከቡ መስመሩን ሲያቋርጥ ሰዓቱና ከፍታው ይመዘገባል፣ ከሁለቱ ቦታው ይወጣል። ዳባዲ ሁሉም ነገር በአሥር መከፈል አለበት ባይ ስለነበር ክቡ በ360 ዲግሪ ሳይሆን በ400 የተከፈለ ነው። የቀረው ዓለም እንደ ለመደው ቀጠለ፤ እሱም እንደ ለመደው። ቀኑን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብለን ለምንጀምር ለእኛ ይህ አይገርመንም።

በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ፀሐይ ስትጋረድ ለማየት ኖርዌይና ስፔን፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ሄይቲ ድረስ ሄዷል። ከዚያ ነው ኑዛዜው የመጣው። ግንቡንና በዓመት 40,000 ፍራንክ የሚያስገባ ርስት ለአካዳሚው ሰጠ፤ ግዴታው የግማሽ ሚሊዮን ኮከብ መዝገብ ነው፣ ጊዜው ሃምሳ ዓመት።

ይህ መዝገብ ለምን ይጠቅማል? ከዋክብት የተተከሉ አይደሉም፣ ይሄዳሉ። ኤድመንድ ሃሌይ በ1718 የጥንቶቹን ግሪኮች መዝገብ ከዘመኑ ጋር ሲያስተያይ ጥቂት ብሩህ ከዋክብት ቦታቸውን ለቀው አገኛቸው። የአብዛኞቹ ጉዞ ግን ከርቀታቸው የተነሣ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታይም። ቅርብ ያለ ወፍ ፊታችን ላይ ሽው ሲል፣ ከወፉ እጅግ የሚፈጥነው አውሮፕላን ከላይ የቆመ እንደሚመስለው ማለት ነው። ስለዚህ በሰማይ ላይ ቶሎ ሲሄድ የሚታይ ኮከብ ብዙ ጊዜ ጎረቤታችን ነው። ዳባዲ ጎንደር በገባበት በ1838 ጀርመናዊው ቤሰል ርቀቷን ለክቶ ያሳተማት ኮከብ፣ የዝይዋ 61ኛ የምትባለው፣ የተመረጠችው በፍጥነቷ ነበር፤ በዓመት ከዲግሪ 3,600ኛ ክፍል አምስት ያህሉን ትሄዳለች። ቤሰል ትክክል ነበር፤ ቅርብ ናት።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ፍለጋው ተለወጠ። አንድን የሰማይ ክፍል በመስታወት ላይ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦታ ደግማችሁ ታነሣላችሁ፣ ሁለቱን ታስተያያላችሁ። ሆላንዳዊው ካፕታይን የራሱ ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ ከኬፕታውን የተላኩለትን መስታወቶች ከዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ላቦራቶሪ በተዋሳቸው ክፍሎች ቁጭ ብሎ ይለካ ነበር። (ለሕክምና ኮሌጆች ውለታ አንድ መስመር ይጻፍልን።) በዚያ ሥራ በ1897 የድሮ መዝገብ ካስቀመጠው ቦታ የሌለ ኮከብ ተገኘ፤ በዓመት 8.7 ቅንጣት የሚሮጥ ነው። በ1904 የጀርመኑ ካርል ዛይስ ፋብሪካ ሁለቱን መስታወት በአንድ ዓይን ማያ በየተራ ብልጭ ብልጭ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ፤ የቆመው ሁሉ ቆሞ ይቀራል፣ የሄደው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። በ1916 አሜሪካዊው ባርናርድ የ1894 መስታወቱን ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ሁሉንም የሚያስንቀውን ሯጭ አገኘ፤ በዓመት ከ10 ቅንጣት በላይ። ዳባዲ ጎንደር ከገባ ወዲህ ይህ ኮከብ በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ሄዷል። ዓይኑ ያላየው፣ ከራሱ በላይ የነበረ ኮከብ።

ሐኪም ለሆናችሁ ይህን ማስረዳት አያሻኝም፤ የየቀን ሥራችን ነው። የደረት ራጅ ላይ አንዲት ክብ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? የድሮው ራጅ የት አለ። ነጥቧ ከሁለት ዓመት በፊትም እንዲሁ ከነበረች፣ ካላደገች፣ ሰውየውን እፎይ በል ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። የድሮው ከሌለ መርፌ አለ፣ ቢላ አለ፣ የማይተኛበት ወር አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ፣ አንድ ከቆላ የመጡ አባት ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ራጅ ተነሥቻለሁ ብለው ማሉልኝ። ካርድ ክፍል ገባሁ። የድሮዎቹ ፊልሞች ቦታ ያጣብባሉ ተብለው ተጠርገዋል። እኚያ አባት በሬ ሸጠው አዲስ አበባ ሄዱ፣ ተቀደዱ፣ የተገኘው የዳነ የቲቢ ጠባሳ ነው። ያ ፊልም ቢኖር በሬው አይሸጥም ነበር።

የዳባዲ ኑዛዜ እንግዲህ የመጀመሪያውን ራጅ ላንሣላችሁ ማለት ነው። በማርች 1897 ፓሪስ ውስጥ በ87 ዓመቱ ሞተ፤ በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። ሥራውን አባ ቬርሻፌል የሚባሉ ቄስ መሩት፤ ቄሶችና የአካባቢው ሰዎች ሌሊት ሌሊት ከቴሌስኮፑ ሥር እየተቀመጡ ኮከብ ሲያልፍ መዘገቡ። እስከ 1970ዎቹ ቀጥሏል። በ1887 ፓሪስ ላይ የተጀመረው፣ ሰማይን ሙሉ በሙሉ ፎቶ የማንሣቱ የብዙ አገሮች ሥራ፣ መስታወቶቹን የሚያስተካክልባቸው ቦታቸው በጥንቃቄ የታወቀ ከዋክብት ሲፈልግ አባዲያ ከሰጡት አንዱ ነው። ከእነዚያ መስታወቶች የወጣው የ4.6 ሚሊዮን ኮከብ መዝገብ ለብዙ ዘመን አቧራ ጠጣ፤ ሞኝነት ነው ያሉም ነበሩ። ከዚያ ሂፓርኮስ የምትባለው ሳተላይት ከ1989 እስከ 1993 ሰማይን ለካች፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይተው በ2000 የ2.5 ሚሊዮን ኮከብ ጉዞ አወጡ። ሳተላይቷ ብቻዋን ያን አትችልም፤ የቀደመው መቶ ዓመት በእሷ እጅ የለም። ከዚያ ወዲህ ጋያ የምትባለው ተከታይዋ የ1.8 ቢሊዮን ከዋክብትን ቦታ መዝግባለች፤ የኮምፒውተር ፍለጋም ከጋላክሲያችን ጨርሰው የሚያመልጡ፣ በሰከንድ 1,700 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ከዋክብት እስከማግኘት ደርሷል።

እዚህ ቤታችን ውስጥም የመጀመሪያ ራጅ አለን። ዩኒቨርሲቲያችን ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ቤተሰብ በቤተሰብ የሚመዘግበው ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችሁ ተማሪ ሳላችሁ በዚያ ብርድ መዝገብ ይዛችሁ በር አንኳኩታችኋል፤ አሰልቺ ነበር፣ አውቃለሁ። የአንድ ቀበሌ የአንድ ዓመት ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም። ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚመጣው ጋር ሲገጥም ነው የሕፃናት ሞት ወዴት እንደሄደ የሚታየው። በማስተማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች የት ካርቶን ውስጥ እንዳሉ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስና እንደማያፈስ አንድ ቀን ገብታችሁ እዩልኝ። ከመምሪያ ወደ መምሪያ ዕቃ ሲዘዋወር መጀመሪያ የሚጣለው አሮጌ ወረቀት ነው።

የካፕታይን ኮከብ ዳባዲ በሞተበት ዓመት የተገኘው ነው። በሰማይ ደቡብ ርቆ ስለሚገኝ ከአባዲያ ግንብ ቢታይም አድማሱን እየታከከ ነው፤ ለዚያ ቴሌስኮፕ አይመችም። ከእኛ አገር ግን ይታያል። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከጎንደር ወደ ደቡብ የዞረ ሰው ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ለዓይን አይበቃም፣ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል፤ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ዳባት ወይም ደባርቅ ቢሆን ይሻላል።